ስታድግ አትከብዳችሁም?

ፈይሩዛ ባል አላገባችም፣ ልጅም አልወለደችም፤ ግን ከክረምቱ ጀምሮ «ልጄ» የምትላት አንዲት ነገር ነበረቻት። ዌብሳይት ናት። አሰላ ውስጥ ስንት የሚወራ ወሬ እያለ ስለ ዌብሳይት ታወራለህ ወይ እንዳትሉኝ፤ ነገሩ ወዲህ ነው።

የአርሲ ገበሬ ስንዴው ሲደርስ ኮምባይነር፣ አጭዶ የሚወቃ ማሽን፣ ይፈልጋል። ኮምባይነሩ ደግሞ የሚሄደው ደላላው ወደመራው ነው። ኢተያ ላይ ማሽኖች ተኮልኩለው ሥራ ፈተው ሲውሉ፣ በቆጂ ላይ የአንዱ ምስኪን ማሳ ወረፋ ሲጠብቅ ዝናብ ይመታዋል። ፈይሩዛ ይህን እያየች ነው ያደገችው። እናቷ ዙቤዳ የጆንያና የሲባጎ ነጋዴ ስለሆነች በአዝመራ ጊዜ የገበሬው ብሶት ሁሉ የሚራገፈው እሷ ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ተምራ ስትመለስ፣ ገበሬው ማሳው የት እንደሆነና መቼ እንደሚደርስ የሚጽፍባት፣ ባለማሽኑም ያለ ደላላ አይቶ የሚሄድባት ዌብሳይት ሠራች። አሳምራ ነው የሠራቻት፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ታነጋግራለች።

የቀራት ማደሪያ ነበር። ዌብሳይት በሠሪዋ ላፕቶፕ ላይ ተቀምጣ ለሰው አትታይም፤ ቀንም ሌትም የማይጠፋ ኮምፒውተር ያለው ሰው ቦታ አከራይቶ ያሳድራታል። ሆስቲንግ የሚሉት ይህንኑ ነው። ችግሩ የፈይሩዛ ልጅ ጠባይ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ተኝታ ትከርምና ህዳር ሲገባ አገር ይጎርፍባታል። ዘንድሮ ኢተያ ነው፣ ከርሞ አርሲ በሙሉ፣ ከዚያ ደግሞ ባሌ ይጨመራል። ለዚያን ጊዜ የሚበቃ ሰፊ ቦታ ከአሁኑ ልከራይ ብትል ኪሷ አይችልም። ጠባቡን ልያዝ ብትል ደግሞ፣ ስንዴው ደርሶ ገበሬው በሚፈልጋት ሰዓት ተዘግታ ብትገኝስ? አንዴ የተታለለ ገበሬ ተመልሶ አይመጣም፤ ደላላውም «አላልኳችሁም?» ብሎ ይስቅባታል።

በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር መጣ። ዙቤዳ አንድ ጠዋት ሱቅ ስትከፍት፣ ፋጡ የዓይኗን ሞራ ልትታከም ሐሙስ ከኦጎልቾ እንደምትመጣ፣ እስኪሻላትም እነሱ ቤት እንደምትሰነብት ለፈይሩዛ ነገረቻት። የፈይሩዛ ፊት ልውጥ አለ። ሐሙስ ኢተያ ሥራ እንዳለባት፣ ምናልባትም እዚያው እንደምትቆይ ተናገረች። የምን ሥራ? ሥራም የለባት።

ፋጡ የወለደቻት እናት ናት። ፈይሩዛ ጡት እንደጣለች ነው ለዙቤዳና ለባሏ ለቱሳ በጉዲፈቻ የተሰጠችው። ይህን ማንም አልደበቃትም። በአርሲ ጉዲፈቻ ነውር አይደለም፤ ዙቤዳም «ሁለት እናት ያላት ባለጸጋ» እያለች ነው ያሳደገቻት። ልጅቷ ግን እኩዮቿ በጨዋታ መሀል የወረወሩባትን ቃል ይዛ ቀረች። ድመት እንኳ ልጇን በአፏ ይዛ ትዞራለች፣ የኔዋ ግን እንደ ትርፍ ዕቃ ሰጠችኝ ትላለች በሆዷ። ፋጡ ልትጠይቃቸው ስትመጣ ሰላም ብላ፣ ሻይ አቅርባላት ወደ ጓዳ ትገባለች። ክፉ ቃል ወጥቷት አያውቅም። ክፉ ቃል ቢወጣት ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ይነጋገሩ ነበር።

ዙቤዳ ይህን ሁሉ ዓመት እያየች ሆድ ይፍጀው ብላ ኖራለች። ቱሳም ሞተና ጉዳዩን የሚያነሳ ሰው ጠፋ።

ሰኞ ከሰዓት ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ መንገደኛውን ሁሉ ቤቱ ከቶት፣ ሱቁ ውስጥ ከእናትና ልጅ በቀር ማንም አልነበረም። ፈይሩዛ የጆንያ ክምር ላይ ላፕቶፗን ታቅፋ ተቀምጣ በቃ ወሰንኩ አለች። አብሯት የተማረው ኢርሻድ አዲስ አበባ የራሱ ሰርቨር፣ ያ የማይጠፋ ኮምፒውተር፣ አለው፤ በነጻ አስቀምጥልሻለሁ ብሏታል። ነጻ ነገር ደግሞ ማን ይጠላል። ዙቤዳ ሲባጎ እየጠቀለለች ነበርና ቀና ሳትል ምንድነው የሚያስቀምጥልሽ ብላ ጠየቀች። ልጄን ነዋ አለች ፈይሩዛ እየሳቀች፤ እሱ ዘንድ ታድራለች፣ እሱ ይጠብቃታል፣ እኔ ከዚህ ሆኜ አያታለሁ።

ዙቤዳ ሲባጎውን አስቀመጠች።

«ጉዲፈቻ በይኛ» አለች።

ፈይሩዛ ሳቋ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ኧረ ሆስቲንግ ነው፣ የኮምፒውተር ነገር ነው ብላ ልታስረዳ ሞከረች። ዙቤዳ ምን በወጣት። ስለ ኮምፒውተር የምታውቀው ልጇን እንቅልፍ እንደሚነሳ ብቻ ነው፤ ልጅ ስለ መስጠትና ስለ መቀበል ግን አስተማሪ አያስፈልጋትም። ቆይ እስቲ ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ አለቻት፤ ይህ ኢርሻድ የምትዪው፣ ልጅሽ ብትታመም ይነግርሻል?

ፈይሩዛ ይህን አላሰበችበትም ነበር። ትታመማለች እኮ። ሰርቨር ይወድቃል፣ ሌባ ሰብሮ ይገባል፣ መረጃ ይጠፋል። ኢርሻድ ደግሞ ጨዋ ልጅ ነው እንጂ ስልክ የሚያነሳው ሲመቸው ነው።

ዙቤዳ ቀጠለች። በማን ስም ነው የምትጠራው አለች። ይህቺኛዋ ፈይሩዛን ክው አደረገቻት። ኢርሻድ የዌብሳይቷን አድራሻ በራሱ ስም እንደሚያስመዘግበው ነግሯት ነበር፤ እሷም እሺ ብላ አልፋው ነበር። አንድ ቀን ቢጣሉ፣ ገበሬው ሁሉ የሚያውቀው አድራሻ የሱ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። እዚያው ደወለችለት፤ ያን ቀን ቀንቷት ስልኩን አነሳ። እኛኮ ወንድምና እህት ነን፣ ምን ልዩነት አለው አላት። ወንድምና እህት መሆናችንማ ደስ ይላል፣ እንግዲያው በስሜ አድርግልኝ ስትለው ወዲያና ወዲህ አለ። ተመሰጋግነው ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ አንድ የውጭ አገር ሆስቲንግ ድርጅት ላፕቶፗ ላይ ከፈተች። ማስታወቂያው ያልተገደበ ይላል፣ ዋጋው ከሻይ አይበልጥም። ዙቤዳ ግን የሷን መስመር አልለቀቀችም። «ስታድግስ? ብዙ ስትበላ ከበደችን ብለው ቢያስወጧትስ?» አለች። ፈይሩዛ ከግርጌ በደቃቁ የተጻፈውን ገልጣ አነበበች። ጎብኚ ከበዛና ማሽናችንን ካጨናነቀ እናግዳለን ይላል። ያልተገደበ ያሉት ሰው እስኪመጣ ድረስ ኖሯል። ርካሹ ዋጋም ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው እጥፍ ድርብ ሆኖ በዶላር የሚከፈል ነው። ዶላሩን ማን ይሰጣታል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼኔ ነው።

ቀድሞ ይወደዳል ብላ የተወችው የአዲስ አበባ ድርጅት ብቻ ቀረ። ደወለች። ፀዲ የምትባል ሴት አነሳች። ፈይሩዛ አሁን ዓይኗን በጨው አጥባ ጥያቄዎቹን በተራ አወረደቻቸው። አድራሻዋ በስምሽ ነው የሚመዘገበው አለቻት ፀዲ። ችግር ሲገጥማት እንደውልልሻለን፣ ቅጂዋንም በየቀኑ እናስቀምጣለን። አሁን በትንሹ ትጀምሪያለሽ፤ አዝመራ ሲመጣ ወደ ሰፊው እናዛውርሻለን፣ ሲያልፍ ትመለሻለሽ፣ የምትከፍዪውም ለሰፋሽባቸው ወራት ብቻ ነው። ፈይሩዛ ደስ ብሏት ልታመሰግን ስትል ዙቤዳ ከጎኗ እጅጌዋን ጎተት አደረገቻትና አንድ የቀረ አለ፣ ጠይቂያት አለች። አልሆን ካለ መልሰሽ ልትወስጃት ትችያለሽ ወይ? ፀዲ በስልኩ ውስጥ ሰምታ ኖሮ ሳቀች። ልጅቷ የናንተ ናት፣ በፈለጋችሁ ቀን ጠቅልላችሁ መውሰድ መብታችሁ ነው አለች።

ፈይሩዛ ስልኩን ዘግታ እናቷን አቀፈቻት። ጉድ ነሽ እኮ፣ እነዚህን ጥያቄዎች ከየት አመጣሻቸው አለቻት። ዙቤዳ ሲባጎውን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች።

«የኔ አይደሉም» አለች በመጨረሻ። «ፋጡ ናት የጠየቀችኝ። አንቺን ይዛ የመጣች ቀን።»

ዙቤዳ ይህን ያህል ዓመት ያፈነችውን ቀስ ብላ አወጣችው። ኦጎልቾ ዝናብ የቀረበት ዓመት ነበር። ፋጡ ባሏ ሞቶባት፣ የሚበሉ ልጆች ተሰልፈውባት ነበር። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ምርቃቱ ሊጀመር ሲል፣ ፋጡ ልጇን ታቅፋ የምጠይቀው አለኝ አለች። ደንቡ እንዲህ አይደለም፤ የሚሰጥ ሰው አይደራደርም። ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ አንዱማ ነውር ነው አላት። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ስትታመም ማን ሰው ይልክብኛል አለች። ፈይሩዛ ያልኳት እኔ ነኝ፣ ስሟን አትለውጡባት አለች። ስታድግ፣ ብዙ ስትበላ፣ ብዙ ስታስቸግር አትከብዳችሁም ወይ አለች። ቱሳ እዚያው ሽማግሌ ፊት አለቀሰ።

«መጨረሻ ላይ አልሆን ካለ መልሼ ልውሰዳት ወይ አለችኝ» አለች ዙቤዳ። «ጉዲፈቻ አይመለስም ብለው ሽማግሌዎቹ ሊነሱ ሆነ። እኔ ግን አዎ አልኳት። አፌ ነው አዎ ያለው፣ ሆዴስ እንቢ ብሎ ነበር። ወላሂ እስክታድጊ ድረስ እሷ በመጣች ቁጥር ልብስሽን አጥቤ በፌስታል አዘጋጅቼ ነበር የምጠብቃት። ቃል ነዋ። ታይሽና ባዶ እጇን ትመለስ ነበር።»

ፈይሩዛ «ታዲያ ለምን አልወሰደችኝም?» አለች።

«እኔም ጠይቄያታለሁ። ‹እማ ብላ ስትጠራሽ ሰማሁ፤ አሁን ብወስዳት ለራሴ እንጂ ለሷ አይሆንም› አለችኝ።»

ፈይሩዛ ፊቷን በእጇ ሸፍና አለቀሰች። አፈረችም፣ ደስም አላት፤ ሁለቱን መለየት አልቻለችም። እንደ ትርፍ ዕቃ የሚሰጥ ሰው ይህን ሁሉ አይጠይቅም። ተለምኖላታል፣ ተፈርቶላታል፣ ነውር ነው እየተባለ ተጠይቆላታል፤ እሷ ግን ለዚያች ሴት ሻይ እያስቀመጠች ስትሸሽ ኖራለች። ዙቤዳ ለምን አልነገርሽኝም ስትባል ብነግርሽ ትሄጂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ አለች፤ እሷም አለቀሰች። ጆንያ ሊገዛ የመጣ አንድ ገበሬ በሩ ላይ ቆሞ አያቸውና ሐዘን የገባበት ሱቅ መስሎት ተመለሰ።

በማግስቱ ፈይሩዛ ፀዲ ዘንድ ተመዘገበች። ዌብሳይቷ በትንሿ ቦታ፣ በባለቤቷ ስም አደረች፤ ለህዳር የሚሰፋውም ተነጋግሮ አለቀ።

ሐሙስ ኢተያ አልሄደችም። መናኸሪያ ወርዳ የኦጎልቾን ሚኒባስ ጠበቀች። ፋጡ በረዳቱ እጅ ተደግፋ፣ ፌስታሏን ደረቷ ላይ ይዛ ወረደች። ዓይኗ ጭጋግ ለብሷል፤ አጠገቧ የቆመችውን ሴት ጥላ ብቻ አይታ፣ የኔ ልጅ፣ የዙቤዳን ቤት፣ የጆንያ ነጋዴዋን፣ ታውቂው እንደሆን አሳዪኝ አለቻት።

ፈይሩዛ ክንዷን ያዘች።

«አውቀዋለሁ» አለች። «ስንት ጠይቀሽ ያስቀመጥሽኝ ቤት አይደል?»

እስከዚያች ቀን ድረስ ፋጡን «እርስዎ» ስትላት ነው የኖረችው፤ ለባዕድ ትልቅ ሰው እንደሚባለው። ፋጡ ድምጿንም ለየች፣ «ጠይቀሽ» ያለችውንም ሰማች። ፌስታሉ ከእጇ ወደቀ። ሁለት እጇን ዘርግታ የልጇን ፊት ፈለገች፣ ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ ጉንጯን እየዳሰሰች ቆየች።

«ከሳሽ እንዴ?» አለቻት።

አልከሳሁም አለች ፈይሩዛ፤ እንባዋ በፋጡ ጣቶች ላይ እየወረደ ነበር።