የአባዬ ስኳርና የዘንገና ድንች

በቆሰበር ከተማ ስለ ስኳር በሽታ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣና አጠገቤ ይቀመጥ፤ አስተምረዋለሁ። እኔ ቤዛዊት ይሄይስ ነኝ፤ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት፣ ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል፣ ሐኪም በኪኒን ያልቻለውን በአንድ ድስት የምችል። በሰባተኛ ክፍሉ አትሳቁ። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ እዚያ ላይ ነበርኩ፤ ሲከፈት ደግሞ እኔ ቤት ይዤ ነበር። እናቴ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው፤ ቤት መያዝ ማለት አባቴን መያዝ ማለት ነው።

አባዬ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ መሬት አለው። አሁን ጉልበት ስለከዳው ሌላ ሰው ያርስለታል፣ እኩሌታው በጋሪ ተጭኖ ለእኛ ይመጣል። ድሮ ያልበላው ነገር የለም። ሠርግ ቢሉት፣ ተዝካር ቢሉት፣ ሰንበቴ ቢሉት፣ የፈረሰኞች ማኅበር ቢሉት ይሄዳል፤ ከሄደ ደግሞ ቅቤው እስከ ክርኑ እየወረደ ይመለሳል። ኅዳር መግቢያ ላይ ውስጥ እግሩን ያቃጥለው ጀመር። ውኃ ይጠጣል፣ ሽንት ቤት ይሄዳል፣ ተመልሶ ይጠጣል። ወሩ ሲያልቅ ጎትቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት።

ሲስተር እናትነሽ የምትባል ነርስ ጣቱን ወግታ ደሙን አየች። በባዶ ሆዱ ሁለት መቶ አሥር። ከክንዱም ደም ቀዱና ኮሌስትሮል ደግሞ ሁለት መቶ ስድሳ አሉት፤ በደም ሥር ውስጥ የሚከማች ስብ ነው አሉ። ኪኒን ሰጠችውና፣

«አባት፣ ኪኒኑ ብቻውን አይሠራም» አለችው። «እንጀራ ይቀንሱ። ቅቤና ጮማ ይተዉ፣ ጣፋጭ ይተዉ። ጥር ሃያ ስድስት ይምጡና እናያለን።»

ከዚያ ስለ ጎመን፣ ስለ ጥራጥሬ፣ ስለ መጠን ብዙ አወራች። እኔ ካርዱን እያጣጠፍኩ ነበር። ዋናውን ይዣለሁ፤ ምን ቀረኝ?

በማግስቱ ፋና ከዳንግላ ደወለች። ፋና እህቴ ናት፣ በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ወግ ቢሆን እታለም ልላት ይገባ ነበር፤ እኔ ፋና ነው የምላት።

«አባዬን እዚህ አመጣዋለሁ» አለች።

«ለምን ሲባል?»

«አንቺ ልጅ ነሽ። ይሄ በሽታ የምግብ ጥንቃቄ ይፈልጋል።»

«እና እኔ የማበላው ምን መሰለሽ፣ አፈር?»

«እሺ፣ እስከ ቀጠሮው እይው። ስኳሩ ካልወረደ ግን መጥቼ እወስደዋለሁ። ቤት ባዶውን አይተውም፣ አንቺ ትጠብቂያለሽ።»

«ከማን ጋር?» አልኳት።

ኔትወርኩ ጠፋ። ወይም ዘጋችው።

እንግዲህ ያ ቁጥር መውረድ ነበረበት። አለዚያ አባዬ ዳንግላ፣ እኔ ከአራት ግድግዳ ጋር። ተቀምጬ አሰብኩ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ስኳር የሀብታም በሽታ ነው ይላል። የሀብታም በሽታ ከሆነ መድኃኒቱ የድሃ ምግብ ነዋ። በእኛ አገር ደግሞ ሌላው ነገር ሁሉ ሲያልቅ የሚበላው ድንች ነው። ድንች ሲበላ የኖረ ድሃ በስኳር ሞተ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ጓዳችን ውስጥ ደግሞ ሁለት ጆንያ የዘንገና ድንች ቆሟል።

እንጀራን ጨርሼ ከለከልኩ። ቅቤውን ለሰው ሰጥቼ ቅሉን አጠብኩ። የሻይ ስኳር አወጣሁ። ጠዋት የተቀቀለ ድንች በጨው፣ ቀን የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ፣ ማታ ለለውጥ ያህል የተጠበሰ። ጠዋት ጠዋት ለጉልበቱ አንድ ማንኪያ ማር አቀምሰዋለሁ፤ ስኳር የፋብሪካ ነው፣ ማር የንብ ነው፣ ምን አገናኛቸው?

እኔ ግን ስኳር የለብኝም። ሁለት ቀን አብሬው ድንች በላሁ፤ በሦስተኛው ቀን ጉሮሮዬ እምቢ አለ። ስለዚህ ለእኔ ሽሮዬን ሠራሁ። እሱ ፊት እንዳልበላ ያምረዋል። ሽታው እንዳይደርሰው በሩን ዘጋሁና ጓዳ ቁጭ ብዬ በላሁ። እሱ ሳሎን በሰሃን፣ እኔ ጓዳ በትሪ። ከተወለድኩ ጀምሮ ከአንድ ትሪ ነው የበላነው፤ እናቴ የሞተች ሰሞን እንኳ፣ አፋችን እምቢ እያለ፣ ከአንድ ትሪ ነበር። ማኘክ ድምፅ እንዳለው ያወቅሁት ጓዳ ብቻዬን ስበላ ነው። ከግድግዳው ማዶ የእሱ ማንኪያ ሰሃኑን ሲጭር ይሰማኛል፤ ከዚያ ዝም ይላል፤ ከዚያ ደግሞ ይጭራል።

«በላህ?» እለዋለሁ ከጓዳ።

«በላሁ።»

ወሬያችን ይሄው ሆነ።

አንድ ቀን፣ «ቤዛ፣ ነይ እዚህ ብዪ» አለኝ። «አላይብሽም።»

«ታያለህ።»

«ዓይኔን ብጨፍንስ?»

«ታሸታለህ።»

ትንሽ ሳቀ። ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

ከሰውም ጠበቅኩት። ጎረቤታችን እትዬ ውዴ የሚካኤልን ዝክር ሲያወጡ ዳቦ በሰፌድ ይዘው መጡ። ደጅ ላይ ተቀበልኳቸው፤ ሰፌዱን ግን አልተቀበልኩም።

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ አባዬ አይበላም።»

«አንቺ ልጅ፣ የዝክር ዳቦ ከደጅ ይመለሳል?»

«ስኳሩ ዝክር አያውቅማ።»

ዳቦውን መልሰው ሸፈኑትና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሰላም የሚሉን ከአጥር ማዶ ነው። ድሮ ከሰዓት በኋላ ብቅ ይሉና ከአባዬ ጋር የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ ያሙት ነበር። ያ ቀረ።

ጥር ሲገባ ደግሞ አያ ወገኔ መጣ። እሱና አባዬ በፈረሰኞች ማኅበር ውስጥ ሠላሳ ዓመት አብረው ናቸው። የማኅበሩ በዓል ጥር ሃያ ሦስት ነው፤ ፈረሱ ተሸልሞ ይወጣል፣ ከዚያ ይበላል ይጠጣል።

«ይሄይስ ባይጋልብም መጥቶ ይቀመጥ» አለኝ።

«ከተቀመጠ ይበላል።»

«እኛ እንጠብቀዋለን።»

«እናንተንስ ማን ይጠብቃችኋል፣ አያ ወገኔ?»

አባዬ ከውስጥ ሆኖ በአገውኛ አንድ ነገር ተናገረው። እኔ አገውኛ እሰማለሁ፤ ያን ዕለት ግን ያልሰማሁ መሰልኩ። «ተወው፣ ሂድ፣ ዘብ ቆሞብኛል» ነው ያለው። አያ ወገኔ ኮፍያውን አድርጎ ሄደ።

በበዓሉ ቀን አባዬ ጋቢውን ለብሶ በርጩማውን ይዞ ደጅ ወጣ። ፈረሶቹ በእኛ በር በኩል ነው የሚያልፉት። አንዳንዱ እጁን አነሳለት፣ አንዳንዱ ያላየው መሰለ። ሁሉም ካለፉ በኋላም መንገዱን ያይ ነበር። ጉሙ ወርዶ ከፊት ለፊቱ ያለውን ባሕር ዛፍ እንኳ ሸፍኖታል። ድንቹን እዚያው ወሰድኩለት፤ ሰሃኑን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«ብላ እንጂ፣ ቀዘቀዘ» አልኩት።

«እኔም» አለኝ።

እንዲህ ስል ግን አዝኜ ነበር እንዳይመስላችሁ። ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ገብቶ ነበር። ከስቷል፣ ስለዚህ ስኳሩ ወርዷል፤ ሒሳቡ ለእኔ ግልጽ ነበር። ሦስት ቀን ብቻ ነው የቀረኝ፤ ፋና መጥታ ቁጥሩን ታያለች፣ አፏን ትይዛለች፣ ባዶ እጇን በሚኒባስ ትመለሳለች።

ጥር ሃያ ስድስት ሦስታችንም ጤና ጣቢያ ገባን። ከክንዱ ደም ተቀዳለት፤ ሲስተር እናትነሽ ደግሞ ጣቱን ወጋች፣ መሣሪያውን አየች፣ ደግማ አየች።

«ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት» አለች።

«መሣሪያው ተበላሽቷል» አልኳት።

በሌላ መሣሪያ፣ በሌላ ጣት ወጋችው። ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት።

«አባት፣ ኪኒኑን ይወስዳሉ?»

«እወስዳለሁ።»

«ሰው ቤት ሄደው የበሉት አለ? አይደብቁኝ።»

«ሰው ቤት አልሄድኩም» አለ አባዬ። «እሷ የሰጠችኝን ብቻ ነው የበላሁት። አንድም ቀን አልሰረቅኩም።»

ወደ እኔ ዞረች። እኔም ኮራ ብዬ ነገርኳት፦ ጤፍ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ሥጋ የለ፣ ስኳር የለ፤ ድንች ብቻ።

«በቀን ስንት?»

«አንዴ ስምንት፣ አንዴ ዘጠኝ። የድሃ ምግብ አይደል?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሆድ ድሃና ሀብታም አይለይም፣ ቤዛዊት። ድንች ገብቶ ሲፈጭ ስኳር ነው የሚሆነው። እንጀራ ቀንሺ አልኩሽ እንጂ በቦታው ድንች ክመሪ አላልኩሽም።»

«ማሩስ?»

«ማርም ትሰጪዋለሽ?»

ፋና ግድግዳውን አየች። እኔም ሌላኛውን ግድግዳ አየሁ። ሲስተር መክሳቱ ራሱ ስኳሩ ስለበዛ ሊሆን ይችላል ስትል ሰማሁ። ከዚያ የኮሌስትሮሉን ወረቀት አነሳች፤ ሁለት መቶ አምስት ገብቷል።

«ቅቤውን ማስተውሽ ጥሩ ነው» አለችኝ። «በዚህ ጎበዝ ነሽ።»

«አየሽ ፋና? ከሁለት አንዱን አሸንፌያለሁ።»

«ሌላኛው እግር ያስቆርጣል» አለች ፋና።

ሲስተር እንደ አዲስ ነገረችን፤ አሁን ካርዱን አላጣጠፍኩም። ከትሪው ግማሹ ጎመንና ቅጠላ ቅጠል ይሁን። እንጀራ ግማሽ፣ አብሮት ምስር ወይም ሽሮ ወይም ባቄላ። ድንች ካማረው አንድ ትንሽ፣ ያን ቀን እንጀራው ይቀነሳል። ማር አይቀመስ። ሰዓት ጠብቆ ይብላ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት በእግሩ ይሂድ። የኪኒኑንም መጠን ጨመረች። በመጨረሻ፣ «ይሄ ለሁላችሁም ጤና ነው፣ ሁለት ድስት አትጣዱ» አለች።

ቤት ገባን። ፋና የአባዬን ልብስ ከሳጥኑ እያወጣች ማጣጠፍ ጀመረች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ «አሁን እኮ ገባኝ» አልኳት። «ግማሽ እንጀራ፣ ጎመን፣ ምስር። ይሄ ምን ይከብዳል? ጎመኑን እዚሁ ጓሮ እተክለዋለሁ። አንድ ወር ስጪኝ። አንድ ወር ብቻ።»

ሸሚዙን ይዛ ቆመች። ፋና ክፉ አይደለችም።

«አባዬ ይወስን» አለች። «እቀራለሁ ካለ ይቅር።»

ልቤ መለስ አለ። ዳንግላ ምኑም አይደለም፤ ቤቱ ይሄ ነው፣ መሬቱ ዘንገና ነው፣ የምታውቀውም ልጅ እኔ ነኝ። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ያልሰረቀኝ ሰው ጥሎኝ አይሄድም ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። አባዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስር ነበር። ቀና አላለም።

«ዳንግላ» አለ።

«ምን አለ ዳንግላ?»

«ሰው አለ።»

«እዚህስ? እኔ የለሁም?»

ሁለተኛውን ጫማ አስሮ ጨረሰና ተነሣ።

«አንቺማ ጓዳ ነሽ።»