ክንፈ የሚሰማበት ክንድ

የባለቤቴ የክንፈ ድምፅ ሸክላ ላይ አለ። ዘፋኙ እሱ አይደለም፤ ተቀባይ ነው። በንጉሡ ጊዜ አንድ ያገራችን አዝማሪ አዲስ አበባ ሊቀዳ ሲሄድ አራት ተቀባይ ይዞ ሄደ፤ አንዱ ክንፈ ነበር። ክንፈ የዜማ ተማሪ ሆኖ ነው ያደገው። ማኅሌት ላይ ደግሞ ወዲያኛው ወገን ድምፁን እስከ ጫፉ ሳይጨርስ ወዲህኛው አያነሳም። ዘፈኑም ላይ ያንኑ አደረገ። ሦስቱ ገብተው እሱ ለብቻው ኋላ ይገባል። አዝማሪው ተቆጣ አሉ፤ ግን ተቀድቶ ቀረ።

በሰባ ዓ.ም. ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ሰሜን ከሄደ ይኸው አምስት ዓመቱ። ደብዳቤ የለ፣ መርዶ የለ። ያቺ ሸክላ ብቻ።

ማጫወቻው በባትሪ ድንጋይ ነው የሚሠራው። መርፌውን የያዘው ክንድ እየዘለለ ቢያስቸግር ክንፈ አምስት ሳንቲም አናቱ ላይ በጧፍ ሰም ለጥፎ አደብ አስገዛው።

ሬዲዮ ጠጋኙ ጀብሪል ለገበያ ከአቀስታ ሲመጣ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ በለጥሻቸው፣ ይሄ ክንድ ከብዶ ሸክላዎን እያረሰው ነው። ወላሂ፣ ዓመት አይደርስም።»

በሳምንቱ ከሞተ ማጫወቻ የነቀለውን ቀላል ክንድ ይዞ መጣና በሳጥኑ በወዲያኛው ጥግ ተከለው። ሁለቱንም አሰማኝ።

«ያንተው ክንድ ክንፈን አቅጥኖብኛል። ንቀልልኝ» አልኩት።

«ያቀጠነውስ ዓይንዎ ነው። ሳንቲሙን እያዩ ነው የሚሰሙት።»

«ዓይን ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚሰማው?»

የክንፈ እኅት አበዛሽ ከመደቡ ላይ ሆና ሳቀች። «በለጡ፣ አንቺ አንዴ ካልሽ ማን ይመልስሻል? ዓይንሽን እንሸፍነውና ይለይልን።»

«ሸፍኚው! ባሌን በጆሮዬ የማላውቀው መሰለሽ?»

በነጠላዋ ሁለት ዙር አስራ ወደ ግድግዳው አዞረችኝ። ጀብሪል ክንፈ የሚገባበትን ቦታ በሁለቱም ክንድ፣ እንዳሻው እያስቀደመ፣ አራት ጊዜ ሊያጫውት፤ እኔ ክንፈን አጥርቶ የሚያሰማውን ልመርጥ ተስማማን።

«ኋለኛው» አልኩ በመጀመሪያው። በሁለተኛው «ፊተኛው» አልኩ። አላመነታሁም። ሦስቱ ሲገቡ ክንፈ ይጠብቃል፤ ከዚያ አየር ይስባል፤ ከዚያ ይገባል። አንዱ ክንድ አየር ሲስብ ያሰማል፣ ሌላው አያሰማም። አራቱንም ጨረስኩ።

«ያቺ ሳንቲም ማለት እንዲህ ናት!» አልኩ ነጠላውን እየፈታሁ።

ጀብሪል መሬት መሬት ያያል።

«እትዬ፣ አራቱንም ጊዜ የመረጡት አዲሱን ነው።»

«ውሸታም! ውጣ ከቤቴ! አበዛሽ ታጫውተኝ።»

ወጣ። እንደገና ታሰርኩ። አበዛሽ አንዴ በአንዱ፣ አንዴ በሌላው አጫወተች።

«ፊተኛው» አልኩ።

ስትናፈጥ ሰማኋት።

«አዲሱ ነው፣ በለጡ። ወንድሜ ሲተነፍስ ሰማሁት።»

ነጠላውን ጥዬ አሮጌውን ክንድ ያዝኩ። ሰሙ ላይ የክንፈ አውራ ጣት ምልክት እስከ ዛሬ አለ። አምስት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ስጠርገው ያንን ምልክት እየዘለልኩ ነው። ለካ እየጠረግሁ የማስቀምጠው ድምፁን የሚበላብኝን ኖሯል።

«ጀብሪል! ና ንቀለው!» ብዬ ተጣራሁ።

ከደጅ ሆኖ «የትኛውን?» አለ።

«አሮጌውን ነዋ! ሌላ ምን አለ?»

ነቀለው፤ ሳንቲሙን ከነሰሙ በእጄ ሰጠኝ። ከዚያ ሸክላውን በአዲሱ ክንድ አስነሳው። ሦስቱ ገቡ። ክንፈ ጠበቀ፣ አየር ሳበ፣ ገባ።

«መርፌውን አንሳው» አልኩ።

«ኧረ ገና መጀመሩ ነው፣ እትዬ!»

«አንሳው ብዬሃለሁ። እሱ እስኪመጣ ሸክላው ተበልቶ ማለቅ የለበትም።»