ለከርከሮ የተጠመደ

ተስፋነሽ ከከምባታ ወደ ሰበታ የመጣችው በአንድ የጨርቅ ፋብሪካ ለመሥራት ነበር። አምስት ዓመት ሠራች። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ከተቀነሱት አንዷ ሆነችና፣ ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ላለው ደን ጠባቂ ሆና ተቀጠረች። ሴት ጠባቂ ሲያዩ የሳቁ ነበሩ። እሷ ግን ሥራውን ወደደችው። የማሽን ጩኸት ብቻ የለመደው ጆሮዋ ቀስ በቀስ የጉሬዛን ድምፅ ከጦጣ፣ የድኩላን ኮቴ ከጥጃ መለየት ጀመረ።

ፋብሪካ ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ የምትኖረው ከደኑ ጫፍ፣ በኦቦ ዲሪርሳ ግቢ ውስጥ በኪራይ ነው። ኦቦ ዲሪርሳ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ናቸው። አንድ ክረምት ታይፎይድ ጥሏት በነበረ ጊዜ ባለቤታቸው አዴ ተረፈች አጥሚት እያጠጡ አስታመሟት። ሽማግሌው ደግሞ በየማለዳው ከደጇ ቆመው «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?» ይሏት ነበር፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ተከራይ መሆኗን የቤቱ ሰው ሁሉ ረሳው።

በጥቅምት ወር፣ አንድ ማለዳ ከባልደረባዋ ከሰለሞን ጋር ደኑን ስትዞር፣ ከኦቦ ዲሪርሳ የድንች ማሳ ከፍ ብሎ ውሾች ሲጮኹ ሰሙ። ውሾቹ ወደፊት አይሄዱም፣ ወደኋላም አይመለሱም፤ አንድ ቦታ ቆመው ይንጫጫሉ። ሰለሞን ቁጥቋጦውን በዱላው ገለጥ አደረገና ባለበት ደርቆ ቀረ።

«ነብር» አለ በሹክሹክታ።

ነብሯ ከአንድ ጽድ ሥር የኋላ እግሯን በሽቦ ተይዛ ተጋድማለች። ሌሊቱን ስትታገል በዙሪያዋ ያለውን ሣር ከነሥሩ ነቅላዋለች። ስታያቸው ተወረወረች፤ ሽቦው መልሶ ከመሬት ደባለቃት። ከዚያ ጆሮዋን ለጥፋ፣ ጥርሷን አውጥታ ትክ ብላ አየቻቸው።

ተስፋነሽ በአራት ዓመት የጥበቃ ሥራዋ የነብር ዱካ እንጂ ነብር አይታ አታውቅም ነበር። አንድ ቀን በዓይኔ ባየኋት ብላ ስንቴ ተመኝታለች።

«ኮረብታው ላይ ውጣና ደውል፣ እዚህ ኔትወርክ የለም» አለችው። «ማደንዘዣ የያዘ ሐኪም ይምጣ በላቸው። ሩጥ!»

ሰለሞን ሲሄድ ዓይኗ ሽቦው ላይ አረፈ። ቀጭን ነው፣ ዝገት አልነካውም፣ ጫፉ እንደ ቀለበት ታጥፏል። የት እንዳየችው ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። ፋብሪካው ውስጥ ጥጥ ታስሮ የሚመጣበት ሽቦ ነው። ያን ጊዜ ሲፈታ ይጣል ስለነበር «ለአጥርዎ ይሆናል» ብላ አንድ ጥቅል ለኦቦ ዲሪርሳ አምጥታላቸዋለች። አጥሩ ተጠግኗል። የተረፈው የት እንደ ገባ ጠይቃ አታውቅም። ዱላዋን ተደግፋ ሽቦውን ደግማ አየችው።

ፀሐይ ከፍ ሲል ሰው ተሰበሰበ። «ጊደሬን የበላችው እሷ ናት!» ይላል አንዱ። «ሳታመልጥ ግደሏት!» ይላል ሌላው። የተወረወረ ድንጋይ የነብሯን ጎን መታ። ተስፋነሽ ጀርባዋን ለነብሯ ሰጥታ፣ እጆቿን ዘርግታ መሃል ገባች። ጉርምርምታው ከኋላዋ እየተሰማት ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም።

በዚህ መሃል ኦቦ ዲሪርሳ ሰው እየገፉ ደረሱ። ነብሯን አዩ፣ ሽቦውን አዩ፣ ከዚያ የተስፋነሽን ፊት አዩ።

«ኦቦ፣ ይሄ ሽቦ...» አለች ዝግ ባለ ድምፅ።

«ለከርከሮ ነው ያጠመድኩት» አሉ እሳቸውም ቀስ ብለው። «ለቄራንሳ፣ ለነብር፣ አልነበረም። የድንቹን ግማሽ ገለበጡብኝ፣ ምን ላድርግ?»

«ለምን አይነግሩኝም?»

«ከርከሮ ፈጀኝ ብዬ ሦስቴ ነግሬሽ የለም እንዴ? ለደኑ ጽሕፈት ቤት አመለክታለሁ አልሽ። አመለከትሽ?»

አመልክታለች። መልስ አልመጣም። መልስ አለመምጣቱን ግን አፍራ ተመልሳ አልነገረቻቸውም። 

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዞሩና ከዘራቸውን አንስተው በኦሮምኛ ጮኹ። «ድንጋይ የሚወረውር መጀመሪያ እኔን ይምታ!» የእሳቸውን ቃል የሚጥስ በዚያ መንደር አልነበረም። ሰው ወደኋላ አለ። ሁለቱ ጎን ለጎን፣ ሐኪም እየጠበቁ፣ ሦስት ሰዓት ያህል ቆሙ።

ሐኪሟ ዶክተር ፀዲ ከአዲስ አበባ ስትደርስ ቀትር አልፏል። ማደንዘዣውን ተኩሳ ነብሯ ስትዝል ቀረበች፤ ሽቦው አጥንት ድረስ ገብቷል። ሆዷን ዳሰሰችና ቀና አለች።

«ታጠባለች» አለች።

«እግሯስ?» አለች ተስፋነሽ።

«ይቆረጣል። ወደ ዱር እንስሳት ማቆያ እንወስዳታለን። በሦስት እግር አድና መኖሯን እንጃ። እናንተ ግን ግልገሎቿን ፈልጉ፤ ብዙ ቀን አይቆዩም።»

ሲፈልጉ መንገድ የመሩት ኦቦ ዲሪርሳ ናቸው። በወጣትነታቸው የጠፋ ከብት ሲፈልጉ የገቡባቸውን ዋሻዎችና የድንጋይ ስንጥቆች አንድ በአንድ አዞሯቸው። በሁለተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ሥር ሁለት ግልገሎች አገኙ። አንደኛው ሞቶ በርዷል። ሁለተኛው አፉን ይከፍታል እንጂ ድምፅ የለውም። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አውልቀው ጠቀለሉት፤ ደረታቸው ላይ አስጠግተው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ቁልቁለቱን ሮጡ። ግልገሉ ማቆያው ደርሶ ጡጦ ይዞ ተረፈ። ዶክተር ፀዲ ግን ተስፋነሽን በስልክ፣ «ከሰው እጅ በልቶ ያደገ ነብር ወደ ደን አይመለስም» አለቻት።

የቀረው ሪፖርቱ ነበር።

«ያጠመደው አልታወቀም ብለሽ ጻፊ» አለ ነገሩን ያጫወተችው ሰለሞን። «ማን ያውቃል? እኔና አንቺ ነን። ሽማግሌ ሰው ናቸው።»

ተስፋነሽ ወረቀቱን ይዛ ሁለት ቀን ቆየች። ባለፈው ዓመት በወጥመድ የሞቱ ሁለት ድኩላዎች አግኝታለች፤ የወጥመዶቹም ባለቤት «አልታወቀም» ተብሎ ተጽፏል። በእሷው እጅ ጽሑፍ። በመጨረሻ ወጥመዱን ያጠመዱትን ሰው ስም ጻፈች፤ ሽቦውን ያመጣችው እሷ መሆኗን ጻፈች፤ መልስ ያላገኙትን ማመልከቻዎችም ከነቀናቸው ጻፈች። ከመስጠቷ በፊት ወደ ኦቦ ዲሪርሳ ሄዳ አነበበችላቸው።

አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። «ውሸት የለበትም» አሉ።

አዴ ተረፈች ግን ከተቀመጡበት ተነሡ። «አጥሚት ያጠጣሁሽ ለዚህ ነው?» አሉና ገብተው በሩን ዘጉ። በማግሥቱ ተስፋነሽ ዕቃዋን ይዛ ወጣች። ደጅ ድረስ የሸኛት አልነበረም።

ኦቦ ዲሪርሳ ሦስት ሳምንት ታሰሩ፤ ከዚያ ፍርድ ቤቱ ዕድሜያቸውን አይቶ ቅጣቱን በገደብ አድርጎ ለቀቃቸው። ለተስፋነሽም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይታ በየማለዳው ዳገቱን በእግሯ ትወጣ ጀመር። በመንደሩ ሰላምታዋን የሚመልስ ጥቂት ነው።

ሽማግሌው በተፈቱ በሳምንታቸው ወደ ጥበቃ ቤቱ መጡ። ከስተዋል። አጠገቧ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«ተቀይመውኛል?» አለች።

«ተቀይሜሻለሁ» አሉ። «ትናንትም መጥተው ነበር።»

«እነማን?»

«ከርከሮዎቹ ናቸዋ። ወጥመድ አታጥምድ ተባልኩ፤ አላጠምድም። ውሻዬን ቀደው ገደሉት። አሁን ምን ላድርግ? አንቺ የመንግሥት ሰው ነሽ፣ ንገሪኝ።»

ተስፋነሽ ዱላዋን አንስታ፣ «እስቲ ማሳውን ያሳዩኝ» አለች፤ አብረው ወረዱ። ከላይኛው ጥግ ጀምሮ ያለው መደብ ሁሉ ተገልብጧል፤ አፈሩ ገና እርጥብ ነው፤ ዱካው እየተጠላለፈ ወደ ደኑ ይገባል። ኦቦ ዲሪርሳ ጎንበስ ብለው ግማሹ የተበላ ድንች አነሡ፤ አፈሩን በአውራ ጣታቸው ጠርገው ኪሳቸው ከተቱት። ተስፋነሽም ሌላ አገኘችና አቀበለቻቸው። እንደዚያ እያሉ እስከ ማሳው ጫፍ ለቀሙ።