የበዳዳ አሥር ሳንቲም

ሰገነት ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ የምትሠራ የጥርስ ሐኪም ናት። የድሮ ሳንቲም መሰብሰብ ስለምትወድ የተወሰኑትን መስታወት አልብሳ ክሊኒኳ ግድግዳ ላይ ሰቅላቸዋለች። ከእንጦጦ ለሕክምና የሚመጡት ጋሽ ዋቅጅራ እነዚያን አይተው ነው አንድ ቀን ከኪሳቸው የመዳብ አሥር ሳንቲም ያወጡት።

«ልጄ፣ ይቺ እውነተኛ ናት ወይስ ሐሰተኛ?»

የታላቅ ወንድማቸው የበዳዳ ናት። በዳዳ በልጅነቱ የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክሞ ከተማ ወርዶ ሸጦ ያገኛት የመጀመሪያ ገንዘቡ ነበረች። ወታደር ሆኖ ሲሄድ ለታናሹ ሰጣት፤ አልተመለሰም። ፎቶግራፍ እንኳ አልቀረለትም። ሰሞኑን ታዲያ አንድ የድሮ ዕቃ ነጋዴ፣ «ፊደሏ ተደራርቧል፣ ሐሰተኛ ናት» አላቸው።

«ያን ሁሉ ሸክም ተሸክሞ እንጨቱን የገዙት አታለውት ከሆነስ?» አሉ ጋሽ ዋቅጅራ። «እሱን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።»

ሰገነት ሳንቲሟን በስልኳ ፎቶ አነሳችና ከእሷ ይልቅ ስለ ሳንቲም ለሚያውቀው ጓደኛዋ ለታዴዎስ ላከችለት። ከዚያ፣ «እስከ እሑድ እኔ ጋ ትቆይ፣ በደንብ ልያት» ብላ ለመነቻቸው። ሳያቅማሙ ተዉላት።

ማታ ቤቷ ልክ በሳንቲሟ ዓመት ከተመቱ የራሷ ባለ አሥር ሳንቲሞች ጋር ትሪ ላይ ደርድራ ልታነጻጽራት ስትል መብራት ጠፋ። ስልኳን ስትፈልግ ክርኗ ትሪውን መታው። ሁሉም ወለሉ ላይ ተበተነ።

በስልኳ ብርሃን እያንዳንዱን ለቅማ በአጉሊ መነጽር አየች። ሁለቱ ላይ ፊደሎቹ ተደራርበዋል። አንደኛው የራሷ ነው፤ እስከዛሬ ልብ ብላው አታውቅም። የትኛው ነው የእሳቸው? የሰው አደራ፣ ያውም የሟች ማስታወሻ!

በነጋታው ባቡር ይዛ አያት ሰፈር ወዳለው የታዴዎስ ኮንዶሚኒየም ሄደች። ታዴዎስ ሁለቱን መስኮት አጠገብ ወስዶ እያዘነበለ አያቸው።

«ይኼኛው» አለ አንዱን ገፋ አድርጎ፣ «ሲመታ ማኅተሙ፣ ፊደሉን የሚያትመው ብረት፣ ተንቀጥቅጦ ነው። ድርቡ ጠፍጣፋ ነው፣ ፊደሉን ሸርፎ አቅጥኖታል። ይህ ብዙ ሳንቲም ላይ አለ። ያኛውን ደግሞ እዪው። ፊደሉ ወፍሯል፣ ጫፉ ላይ ለሁለት ተሰንጥቋል፣ ሁለቱም ድቡልቡል ናቸው። ይህ የማኅተሙ የራሱ ስህተት ነው። ብረቱ ሲቀረጽ ሁለቴ ታትሞበት ሁለተኛው ትንሽ ዞር ብሏል።»

«እሺ፣ ግን የጋሽ ዋቅጅራ የትኛው ነው?»

«የላክሽልኝ ፎቶ አለ አይደል!»

ሰገነት በድንጋጤ ፎቶውን ጭራሽ ረስታው ነበር። ታዴዎስ ስልኩን ከፍቶ ምስሉን አሰፋው። ብዥ ያለ ነው፤ ቢሆንም የፊደሉ እግር ለሁለት መሰንጠቁ ወለል ብሎ ይታያል። ያው ወፍራሙ ነው።

«እፎይ!» ብላ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ታዴዎስ የሳንቲሟን ክብደት መዝኖ፣ ጠርዟንም መርምሮ፣ «ደግሞ እውነተኛ ናት፤ ያ ዕቃ ነጋዴ የማያውቀውን ነው ያወራው» አላት።

እሑድ እንጦጦ ወጣች። ጋሽ ዋቅጅራ አጥራቸውን ሲጠግኑ አገኘቻቸው። መጀመሪያ የተፈጠረውን ሁሉ፣ መብራት መጥፋቱንና ሳንቲሞቹ መቀላቀላቸውን ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ከዚያ ታዴዎስ ያላትን አስረዳቻቸው። እሳቸው ግን የሰሙት አንዱን ነው።

«አላታለሉትም በይኛ?»

«አላታለሉትም። ስህተቱ የማኅተሙ ነው፤ ሳንቲሟ ትክክለኛ ናት።»

ጋሽ ዋቅጅራ መዶሻቸውን አስቀምጠው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«እሱን ማን ሊያታልለው!» አሉ። «እኔ ነኝ የጠረጠርኩት እንጂ በዳዳ እኮ እንጨት ገዢውን ራሱ የሚያስለቅስ ልጅ ነበር።»

ስትሄድ ታክሲ እስክታገኚ ካልሸኘሁሽ ብለው አብረዋት ወረዱ። ቁልቁለቱን ሁሉ ስለ በዳዳ አወሩላት፤ ሸክም ይዞ እንዴት እንደሚዘፍን፣ ድምፁም እንዴት አስቀያሚ እንደነበረ። ስሙን እንዲህ እየደጋገሙ ከጠሩት ብዙ ዓመት እንደሆናቸው ነገሯት።