የአለቃ ተክለ አልፋ የጻድቃን ፍለጋ

ዓመት ሲፈጸምና ዘመን ለዘመን ስፍራውን ሲለቅ፣ አእምሮ ያለው ሰው ሁሉ የሠራውንና ያልሠራውን መመርመሩ የተገባ ነው፤ ይልቁንም ጥበበ ሥዕልን ሙያው ያደረገ ሰው፣ ሥራው በግድግዳ ላይ ቆሞ ስለሚመሰክርበት፣ እንደ ሌላው ረሳሁ ብሎ ማምለጥ አይቻለውም።

በጎጃም ምድር በአንዲት ደብር የሚኖሩ፣ እጃቸው የቀና፣ አንደበታቸው የሰላ አለቃ ተክለ አልፋ የሚባሉ ሠዓሊ፣ በጳጉሜን መባቻ ዓመታቸውን ሊመረምሩ በቤተ ክርስቲያኑ ምዕራባዊ ግድግዳ ፊት ተቀመጡ። ባለፈው መስከረም ዕለተ ፍርድን፣ በቀኝ ዐሥራ ሁለት ጻድቃን፣ በግራ ዐሥራ ሁለት ኃጥኣን አድርገው ሊፈጽሙ ቃል ገብተው ነበር፤ አሁን ግን ግራው እስከ ጠርዙ ሲሞላ፣ በቀኙ ከኖራ በቀር አንዳች አልነበረበትም። አለቃ ከሕያዋን ሰዎች ካልቀዱ መልክ አይሆንላቸውምና፣ ለኃጥኣኑ ከገበያ የሚቀዳው መልክ ሲተርፋቸው፣ ለጻድቃኑ የሚበቃ ፊት በአጥቢያው አጡ፤ አንዱን ሆዳም፣ ሌላዋን ሐሜተኛ፣ ሌላውንም በቅዳሴ የሚያንቀላፋ እያሉ ንቀው በግራ ሣሏቸው።

በማግስቱ የደብሩ ገበዝ ቄስ ኅሩይ ሥራውን ሊጐበኙ መጥተው፣ ወደ እሳት ከሚወርዱት ከአንዱ ኃጥእ ፊት ቆሙ፤ አፍንጫውን አስተዋሉ፤ የራሳቸውንም አፍንጫ ዳሰሱ። ከዚያም፣ «አለቃ፣ እስከ ቅዱስ ዮሐንስ ጻድቃኑ ካልተገኙ ኃጥኣኑም በኖራ ይለሰናሉ፤ ሥራውም ለሌላ ሠዓሊ ይሰጣል» ብለው በእርጋታ ሄዱ።

አለቃም በኀዘን ወደ ቤታቸው ገብተው፣ ምስር ይለቅሙ ለነበሩት ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ወለተ ሐና፣ በዚህ አገር ጻድቅ እንደጠፋ በሰፊው አስረዱ። ወይዘሮዋ እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «ለመሆኑ እርስዎ ከየትኛው ወገን ነዎት?» አሏቸው። አለቃ አፈሩ፤ ከቀኙ ወገን የፊተኛውን ቦታ ለራሳቸው አስቀርተው ነበርና።

«በሥርዓታችሁ ኃጥእ ከጎን በአንድ ዓይን፣ ጻድቅ ከፊት በሁለት ዓይን ይሣል የለም?» አሉ ወይዘሮዋ። «እርስዎ ሰዉን ሁሉ ከጎን ብቻ አይተውታል። እስቲ ዞረው ከፊት ይዩት።»

አለቃም ወጥተው ዞሩ፤ ሆዳሙን ከዓይነ ስውር ጋር በአንድ ገበታ ሲበላ፣ ሐሜተኛዋን በሰው ለቅሶ ከልቧ ስታነባ፣ ገበዙንም ሰው አየኝ ሳይሉ ደጀ ሰላሙን በእጃቸው ሲጠርጉ አገኟቸው። ወዲያው ተመልሰው እነዚያኑ ሰዎች በቀኝ በኩል ፊት ለፊት ሣሏቸው፤ ራሳቸውን ግን በግራ፣ በጠርዙ ላይ፣ ባለ አንድ ዓይን አድርገው ጨመሩ።

በቅዱስ ዮሐንስ ዕለት ምእመናን ገብተው ሲመለከቱ፣ እያንዳንዱ ራሱን በቀኝ አግኝቶ አምላኩን አመሰገነ፤ ጐረቤቱንም በግራ አግኝቶ፣ እንዲህ ያለ እውነተኛ ሠዓሊ ታይቶ አይታወቅም ሲል መሰከረ። ገበዙም በቀኝ ያለው መልካቸው ደኅና መሆኑን ገልጸው፣ በግራ ያለው የአጎታቸውን ልጅ እንደሚመስል አመለከቱ። አለቃም በአዲሱ ዓመት የሰሜኑን ግድግዳ ሊጀምሩ ቀለማቸውን በጠበጡ፤ ሰው ባልንጀራውን ከጎን፣ ራሱን ከፊት ማየቱን እስካልተወ ድረስ፣ ሠዓሊ ሥራ አይፈታምና።