መብራቱ ነው እንጂ ዓይኔ አይደለም

ፍትግ፣ ፍትግ፣ ፍትግ። ትንሽ ዝም ይልና እንደገና ፍትግ፣ ፍትግ። ገና በወጉ ሳይነጋ ከግቢው የሚመጣው ይህ ድምፅ የልብስ ሰፊውን ሚስት ከእንቅልፏ ቀሰቀሳት። ጥርሱን የሚያጸዳ ሰው ድምፅ ነበር። ግን ጥርሱ ሙሉ የሆነ ሰው እንኳን ይህን ያህል አይፈትግም፤ የሷ ባል ደግሞ መንጋጋዎቹን አንድ በአንድ ከሸኘ ቆይቷል። ሹራቧን ደርባ ወጣች።

ልብስ ሰፊው ከአሮጌ መኪናው ፊት ተንበርክኮ የፊት መብራቷን በጥርስ ሳሙና እያሸ ነበር። አረፋው ክርኑ ደርሷል።

«አንተ ሰውዬ፣ ጤና ነህ?»

«ሽፋኑ ቢጫ ሆኖ ነው። የጥርስ ሳሙና ያጠራዋል አሉኝ።»

«ሳሙናውስ ይሁን። ብሩሹ የማን ነው?»

ልብስ ሰፊው ብሩሹን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አገላበጠው። የራሱ መስሎት ነበር፤ የሚስቱ ነው።

«ጨለማ ነበር» አለ።

«ጉድህ ፈላ! ልጅህ ይህን ብትሰማ ቅዳሜንም አትጠብቅም፤ ዛሬውኑ ቁልፉን ትወስደዋለች።»

የቁልፉ ነገር ቀልድ አልነበረም። ባለፈው ሳምንት ነርስ የሆነችውን ልጁን ከሥራ ሊያመጣ ሄዶ፣ ሲመለሱ ፀሐይ ገብታ ነበር። መንገዱ ዳር አንድ ሰው ሊሻገር ቆሞ አየ። ልብስ ሰፊው ጨዋ ሹፌር ነውና ቆመለት። ሰውየው አልተንቀሳቀሰም። በእጁ «እለፍ» አለው። ሰውየው ወይ ፍንክች። ከኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩምባቸውን አቀለጡት።

«አባዬ፣ ማንን ነው የምንጠብቀው?»

«ሰውየው ይሻገር እንጂ! ደግሞ ኩራቱ!»

«አባዬ... የቆሻሻ ገንዳ ነው።»

ልጅቷ ብትስቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ልብስ ሰፊውን ያስደነገጠውም ይኸው ነው። ቤት ደርሰው ልክ ሞተሩ ሲጠፋ ፍርዷን ሰጠች። ቅዳሜ ሲመሽ ከጎኑ ትቀመጣለች። መንገድ ላይ ያለውን ነገር ካላየ ቁልፉ ወደ ቦርሳዋ ይገባል፣ መኪናዋም ትሸጣለች።

«መብራቱ ነው እንጂ ዓይኔ አይደለም!» ብሎ ጮኸ።

«እናያለን» አለችው።

ለልብስ ሰፊው መኪናዋ ዕቃ ብቻ አልነበረችም። ቀኑን ሙሉ «እዚህ ጋ አሳጥርልኝ፣ ወገቡን ልቀቅልኝ» ሲሉት ይውሉና፣ ሱቁን ሲዘጋ መስኮቱን አውርዶ፣ ክርኑን አውጥቶ፣ ያለ ምንም ጉዳይ ይነዳል። በዚያች ሰዓት የማንንም ወገብ አያስብም። እና ደግሞ ለማንም ያልነገረው ፍርሃት ነበረው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ክር በመርፌ ቀዳዳ የምታስገባለት ሚስቱ ናት። «የዘንድሮ መርፌ ቀዳዳው ጠባብ ነው» ይላታል። ይበላት እንጂ፣ ብቻውን ሲሆን መርፌውን ወደ ብርሃን ይዞ ቆሞ ይቀራል። መብራቱ ይሁን ዓይኑ፣ እሱም በእርግጠኝነት አያውቅም።

ለዚህ ነው የሚስቱን ወንድም ያስጠራው። የሚስቱ ወንድም የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ሰፈሩ ግን «ኩንታል» ይለዋል፤ ያየው ሰው ሁሉ ለምን ብሎ አይጠይቅም። አርብ ከሰዓት መጥቶ ኮፈኑን ከፈተና አንገቱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ይቺ ሴትዮ እኮ በሻማ ነው የምትሄደው። ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ተነስቶ፣ በማብሪያው ዞሮ፣ በዚህ በቀጠነ አሮጌ ሽቦ እያቃሰተ አምፖሉ ጋ ሲደርስ ምን ጉልበት ቀርቶት ይበራል?»

«አትፈላሰፍብኝ። መድኃኒቱን ንገረኝ።»

«ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው እንስባለን። መሃል ላይ ሪሌ የሚባል ትንሽ ማገናኛ ይገባል። የድሮው ማብሪያ ሪሌውን ብቻ ይቀሰቅሳል፤ ዋናውን ኤሌክትሪክ ሪሌው ያሳልፋል። አምፖሉም ይቀየራል።»

«በገበያው ያለውን ትልቁን አምፖል አድርግልኝ!»

«ሶኬቱን አቅልጠህ በእግርህ ልትሄድ? በልኩ ነው የሚገባው። አንተ ለቀጭን ሰው ሰፊ ኮት ትሰፋለህ?»

«ከፈለገ ምን ቸገረኝ፤ እሰፋለታለሁ።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሥራው አለቀ። የቀረው ብርሃኑን ማስተካከል ነበር። ኩንታል ግድግዳው ላይ በጠመኔ መስመር አሰመረ፤ ልብስ ሰፊውን ጋቢና አስቀመጠና እሱ መኪናዋ አፍንጫ ላይ ጎንበስ ብሎ በጠመንጃ መፍቻው የመብራቷን ማስተካከያ ቡሎን ያዞር ጀመር።

«መስመሩ ላይ ነው?»

«በግራ በኩል ጠርዙ ጠሟል! እንዲህ አድርጌ ሱሪ ባጥፍ ደንበኛ ይገድለኛል። ዝቅ አድርገው... ዝቅ... በቃ! አትንካው!»

ብርሃኑ ግድግዳው ላይ እንደ ተተኮሰ ሱሪ ጫፍ ቀጥ አለ። ልብስ ሰፊው ሚስማር አየ። የቀለም ስንጥቅ አየ። ከስንጥቁ የሚወጣ ጉንዳን አየ። ወርዶ ኩንታልን ሊያቅፈው ሞከረ፤ እጁ አልደርስ ስላለ ግማሹን አቀፈው።

ቅዳሜ ሲመሽ ነርሷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ መጣች። ልብስ ሰፊው ፂሙን ተላጭቶ፣ ክራቫት አስሮ መሪው ላይ ተሰይሟል። ኩንታልን ግን አላስችል አለው።

«ስሚ የኔ ልጅ፣ አባትሽ ዛሬ ጉንዳን ሲሻገር ካላየ፣ እኔ ከነገ ጀምሮ መፍቻዬን ጥዬ ሽንኩርት እቸረችራለሁ!»

«እንግዲያው አንተም ግባ፣ አጎቴ። ሥራህን ራስህ መስክር።»

ሚስቲቱ ከበሩ ሆና «ብሩሹ የማን እንደሆነ እንዳትጠይቂው ብቻ» አለች፤ ማንም አልሰማት። ኩንታል የኋላውን በር ከፍቶ፣ በጎኑ ሆኖ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ገባ። የደከሙት የኋላ ሞላዎች «እህህ» አሉ። መኪናዋ ቂጧን መሬት ላይ ጣል አድርጋ፣ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀሰረች።

ትልቁ መንገድ ላይ ሲደርሱ መሽቷል። ልብስ ሰፊው በኩራት መብራቱን ከፈተው። ብርሃኑ ደማቅ ነበር፤ አቤት ድምቀቱ! ግን ሁሉም ያረፈው ፎቆቹ ላይ ነው። አንዲት ሴት መጋረጃዋን ፈጥና ዘጋች። በረንዳ ላይ በካናቴራ የቆመ ሰውዬ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። አስፋልቱ ግን ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው።

«አባዬ፣ ፊት ለፊትህ ምን ታያለህ?»

ልብስ ሰፊው ያየውን ተናገረ።

«ፎቁ ላይ ካልሲ ተሰጥቷል። አንደኛው ተረከዙ ተቀዷል።»

«መንገዱ ላይ ያለውን ነው የጠየቅኩህ!»

እግሩ ፍሬኑ ላይ ሆኖ እንደ ኤሊ ይሄዳል። ነርሷ የቦርሳዋን ዚፕ ቀስ አድርጋ ከፈተች፤ ድምፁ ልቡን ቀደደው። ዓይኔ ነው ማለት ነው፣ አለ በሆዱ። አለቀ።

ኩንታል ደግሞ ከኋላ ተጨንቆ፣ ምን እንደተበላሸ ሊያይ በሁለቱ ወንበሮች መሃል ግዙፍ ደረቱን ወደ ፊት ሰገግ አደረገ። ብርሃኑ ከፎቁ ወረድ አለ። ኩንታል ደንግጦ ወደ ኋላው ተደገፈ። ብርሃኑ ተመልሶ ካልሲው ላይ ወጣ። እንደገና ሰገግ፤ ወረደ። ተደገፈ፤ ወጣ።

የሁለቱ ወንዶች ዓይን በኋላ ማሳያው መስታወት ውስጥ ተገናኘ። ነገሩ ገባቸው። ትናንት መብራቱን ሲያስተካክሉ የኋላው ወንበር ባዶ ነበር፤ ኩንታልን የሚያህል ሰው እዚያ ይቀመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ግን እንዴት ይነገራል? ልብስ ሰፊው «አጎትሽ ከብዶን ነው» ቢል፣ ልጅቷ «እንግዲያው ሰው የማትጭን መኪና ምን ታደርጋለች?» ብላ እዚያው ትሸጣታለች። ኩንታል «ረሳሁት» ቢል፣ ሽንኩርቱ ይጠብቀዋል።

«አቁምልኝ፣ ጋሼ» አለ ኩንታል።

«እዚህ?»

«እዚሁ።»

በሩን ከፈተ፤ አንድ እግሩን አወጣ፤ ሌላውን አስከተለ። መኪናዋ ወገቧን ቀና አድርጋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ብርሃኑ ከፎቆቹ ላይ ወርዶ አስፋልቱ ላይ ተነጠፈ።

«ምነው አጎቴ? አመመህ እንዴ?» ነርሷ መስኮቱን አውርዳ አንገቷን አወጣች።

«በቀኝ በኩል የተሰበረ ጡብ አለ» አለ ልብስ ሰፊው። «ከሱ አለፍ ብሎ ቀይ ባልዲ የያዘች ሴትዮ አለች። መብራት የሌለው ብስክሌት እየመጣ ነው፤ ጎማው ተንፍሷል። ያ ደግሞ ገንዳ ነው፤ ሰው አይደለም፤ አልጠብቀውም።»

ነርሷ የቦርሳዋን ዚፕ መልሳ ዘጋች። «አጎቴ! ወዴት ነው? ቤትህ እኮ በዚያ አይደለም!»

ኩንታል ዞሮ አላያትም። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ በሚያምረው ብርሃን መሃል ዘና ብሎ አለፈ፤ ጥግ ላይ ሲደርስ ኮቱን አራግፎ ወደ ማያውቀው መንገድ ታጠፈ።