አራተኛው ምዕራፍ ሳይፈቀድ
ሙኒር ሥራውን ጨርሷል። ምን ዋጋ አለው ታዲያ፣ የጨረሰውን እንዳይለቅ ተከልክሏል።

የጀልባ ማኅበሩ በስልክ ቲኬት የሚሸጥ ሶፍትዌር ሲያዝ፣ ገንዘቡን የሚሰጠው በምዕራፍ በምዕራፍ ነበር፤ አንዱ አልቆ ሲታይ የሚቀጥለው ይፈቀዳል። ቅደም ተከተሉን ያወጣው ራሱ ሙኒር ነው። ቶሎ ገቢ የሚያመጣው ይቅደም ብሎ መሸጡን መጀመሪያ አደረገ፤ ጀልባው ሲሞላ ሽያጩን የሚያቆመውን አራተኛ ላይ ጣለው። ያኔ ሁሉም አጨበጨበለት። ማኅበሩም መሸጡን ካገኘ በኋላ አራተኛውን ረሳው፤ እስከዚያ የጀልባዎቹ ረዳቶች ተሳፋሪውን በዓይናቸው ይቁጠሩ ተባለ።

«ጋሽ ቢያዝን፣ ዛሬ ገበያ ነው፤ ጀልባው ይሞላል። አራተኛው አልቋል፤ እባክዎ ልልቀቀው» አለ ሙኒር።

ሙኒር የሚሠራበት የሶፍትዌር ድርጅት ባለቤት ቢያዝን ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን እንኳ ይቀል ነበር። «በነፃ ከሰጠናቸው አራተኛውን መቼም አይፈቅዱም። ካልፈቀዱ ቃልኪዳንንና ሔራንን በምን ደመወዝ ላቆያቸው? እስቲ አንተው ንገረኝ» አለው። ሁለቱ ባልደረቦቹ ኮምፒውተራቸው ላይ አቀርቅረዋል። በመስኮቱ ጣና ይታያል፤ ነፋሱ ተነሥቷል።

ስልኩ ጮኸ። እናቱ ከሪማ ናቸው፣ ከቁንዝላ ወደብ።

«ሙኒሬ፣ ልመጣልህ ነው። ጀልባው ውስጥ ተቀምጫለሁ። መቀመጥስ የታል፣ ጆንያ ላይ ነኝ እንጂ።»

«እማ፣ ሞልቷል አላሉሽም?»

«ረዳቱማ ሞልቷል ብሎ ነበር። ስልኩ ቲኬት ከሰጠ ቦታ አለ ማለት ነው፣ የልጄን ሥራ አታናንቅ ብየው ገባሁ። ሌላውም እኔን አይቶ ገባ።» ይኼን ሲሉ ድምፃቸው ኩራት ኩራት ይላል።

የሙኒር አባት፣ አላህ ይዘንላቸው፣ ጀልባ ሠሪ ነበሩ። እሳቸውም ክፍያ የሚቀበሉት በየደረጃው ነበር፤ ጀልባው ግን ሳያልቅ ውኃ አይነካም። እናቱ ሥራ የሚያውቁት እንዲያ ነው። የተሸጠ ሁሉ ያለቀ ነው ብለው ቢያምኑ ምን ይደንቃል?

«እማ፣ ውረጂ።»

«ምን ሆንህ? ይኼ ሁሉ ሰው እያየኝ? የገዛ እናቱ አላመነችውም ይበሉኝ?»

«ስልክሽ ላይ ያለው አላለቀም፣ እማ። ቦታ መቁጠር አያውቅም፤ ለመጣው ሁሉ ይሸጣል። ወደ ኋላ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»

በስልኩ የጀልባው ሞተር ሲነሣ ተሰማ። ቢያዝን ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ ዝግ በል እንደማለት እጁን ወደ ታች አወረደ። ይኼ ወሬ ማኅበሩ ጋ ከደረሰ ውሉም የነቃልኪዳን ደመወዝም አከተመ።

«እና፣» አሉ ከሪማ ቀስ ብለው፣ «እኔ ብቻ ልውረድ ወይስ ለሰዉም ልንገር?»

ሙኒር ቃልኪዳንን አየ፣ ሔራንን አየ፤ ቢያዝንን ማየት ግን አልቻለም።

«ንገሪያቸው፣ እማ። ሠሪው ራሱ ነው ያለኝ በያቸው።»

እናቱ ስልኩን አልዘጉም። ያ ሁሉ ኩራት ከድምፃቸው ጠፍቶ፣ «ወገኖቼ፣ የልጄ ሥራ አላለቀም፤ እንውረድ» ሲሉ ሰማቸው።